ንድፍ ይጠገናል ወይስ ይታረማል?

ከትርጉም ማሽን እየወጣ በሥልጠና ጽሑፍ ላይ የሚለጠፍ ሐረግ አለ፦ «የንግድ ሂደት ሞዴል ማስተካከያ»። ሆስፒታል በሽተኛ ሲቀበል፣ ኤምባሲ ፓስፖርት ሲያድስ ምን ይነግዳል? ቃሉ እኮ በእጃችን ነበር። የሲቪል ሰርቪሱ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ሲመጣ «የሥራ ሂደት» እስከ ወረዳ ወርዶ የክፍል መጠሪያ ሆነ፤ ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ደግሞ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሊያሳድስ በሄደ ቁጥር ለሥራ ሂደቱ «ኢጅራዓት» ሲባል ሰምቷል። የዐረብኛው ሥር «ጀራ»፣ ሮጠ ነው፤ የእኛው ከ«ሄደ» ወጣ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይሄዳል፤ ወረፋው ያው ነው።

ሐረጉ የሚጠራው ጉዳይ እንዲህ ነው። የሥራ ሂደቱ ንድፍ «መጀመሪያ ፊርማ፣ ከዚያ ክፍያ» ይላል። ኮምፒዩተሩ የፋይሉን ቁጥር፣ የተደረገለትንና ሰዓቱን እየመዘገበ ቆይቷል፤ መዝገቡ ሲገለጥ ብዙው ባለጉዳይ አስቀድሞ ከፍሏል፣ አንዳንዱም ለተጨማሪ ማስረጃ ተመልሷል። ተመራማሪዎቹ ዲርክ ፋህላንድና ዊል ቫን ደር አልስት በ2012 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መንገድ ንድፉን አይጥልም፤ መዝገቡን እንዲያስተናግድ ያደርገዋል፣ የቀረውን በተቻለ መጠን እንደነበረ ይተወዋል።

ታዲያ ምን እንበለው? «እድሳት» ቤቱን ሁሉ ይነካል። «እርማት» የአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ያስመስላል። «ጥገና» ግን ከመኪና በፊት የአጥንት ነበር፤ ስብራት ይጠገናል እንላለን። ጠጋኙ የተሰበረውን ቦታ ይዞ በሰውዬው አካል ልክ ያስራል እንጂ አዲስ እግር አይሰጥም። የእነ ፋህላንድ ሐሳብም ይኸው ነው።

«ሞዴል»ም አይመቸኝም። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ቅጾችን ያስባል፤ ገጠር ያለው ሞዴል አርሶ አደርን፣ ማለትም አርአያውን። እዚህ ግን አርአያ አይደለም የተፈለገው፤ «ንድፍ» ይበቃል። የኮምፒዩተሩን መዝገብ ደግሞ «የኩነት መዝገብ» የሚሉት አሉ። ከግእዙ «ኮነ» የወጣ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ከአዋጅ ቁጥር 760/2004 ወዲህ ኩነት ሲባል ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ነው የሚታሰበው። የልደት ሰርተፍኬት ፈላጊ እንዳይሰለፍብን «የክንውን መዝገብ» ይሻላል፤ ተከናወነ ብሎ የመዘገበውን ሥራ ራሱን ይጠራልና።

ሲገጣጠም «በክንውን መዝገብ የሚደረግ የሥራ ሂደት ንድፍ ጥገና» ይሆናል። ረዘመ የሚል «የንድፍ ጥገና» ይበለው። ሰው ማሳጠሩ አይቀርም፤ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥንም በአፍ «ቢፒአር» ስንለው ኖረናል። በደብዳቤና በበር ላይ ግን የአማርኛው ስም ቀድሞ ስለተጻፈ «የሥራ ሂደት» ቋንቋችን ውስጥ ቀረ። ይህንንም የትርጉም ማሽኑ ሰይሞ ሳይጨርስ እኛ እንሰይመው።