ስም ሳይወጣለት የታየው ቁስ

የሜምሪስተርን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከ2008 ይነሳሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ስታንሊ ዊሊያምስ፣ ዲሚትሪ ስትሩኮቭና ሁለት የኤችፒ ቤተ ሙከራ ባልደረቦቻቸው ጠፍቶ የነበረውን ሜምሪስተር ማግኘታቸውን በኔቸር መጽሔት አበሰሩ። ሰነዶቹን በየዓመታቸው ደርድሮ ያነበበ ግን ቁሱ ከስሙ ቀድሞ እንደታየ ያስተውላል።

በ1962 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሂክሞት በብረቶች መካከል የተነጠፈ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ቮልቴጅ ሲጨመርበት ከረንቱ እንደሚቀንስ ዘገቡ። በ1968 አርጋል በቲታኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ላይ የሬዚስታንስ መቀያየርን መዝግበዋል። ኤችፒ ከ40 ዓመት በኋላ ያነሳው ይህንኑ ቁስ ነው።

የበርክሌዩ ሊዮን ቹዋ በ1971 የመጡት በሌላ በር፣ በሒሳብ በኩል ነበር። ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ኢንዳክተር እያንዳንዳቸው ሁለት የኤሌክትሪክ መጠኖችን ያዛምዳሉ፤ ቻርጅንና ማግኔታዊ ፍለክስን የሚያዛምድ ግን አልነበረም። አራተኛ ሊኖር ይገባል አሉ፤ ያለፈበትን ቻርጅ የሚያስታውስ ሬዚስተር ስለሚሆንም ሜምሪስተር የሚል ስም አወጡለት። ጠባዩን ያሳዩት ግን ከውጭ ኃይል በሚቀበል፣ ከብዙ ክፍሎች በተገጣጠመ ሰርኪት ነበር።

ሁለቱ መዛግብት ሳይተዋወቁ ለአሥርት ዓመታት ኖሩ። ለእኔ የ2008ቱ ሥራ ትልቁ ውለታ እነሱን ማገናኘቱ ነው። በሁለት የፕላቲነም ጫፎች መካከል ያለው ቲታኒየም ኦክሳይድ በአንድ ወገኑ ኦክሲጅን ይጎድለዋል። የጎደሉት ቦታዎች አዎንታዊ ቻርጅ ስላላቸው በቮልቴጅ እየተገፉ ይጓዛሉ፤ ሲስፋፉ ከረንት በቀላሉ ያልፋል፣ ቮልቴጁ ሲገለበጥ ይመለሳሉ። ኃይሉ ሲቋረጥ በደረሱበት ይቆያሉ፤ ትዝታው ይኸው ነው።

ማግኔታዊ ፍለክስ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። በ2015 ይህን ይዘው የቹዋ ሜምሪስተር ገና አልተገኘም ያሉ ተመራማሪዎች ተነሱ፤ ክርክራቸው ሊናቅ አይገባም።

ቁሱ ግን የስሙን ሙግት አልጠበቀም። የተለመደው ኮምፒውተር ኃይሉን በአብዛኛው የሚያባክነው በማስታወሻና በማስሊያው መካከል መረጃ ሲያመላልስ ነው፤ አንጎላችን ግን 20 ዋት ገደማ ይበቃዋል። በእንዲህ ያለ ኦክሳይድ በተሠራ መረብ ላይ ግን የስሌቱ ክብደቶች (ግብዓቶቹ የሚባዙባቸው ቁጥሮች) እዚያው ተቀምጠው ይባዛሉ፤ ከረንቶቹም በሽቦው ላይ ይደመራሉ። በዚያው በ2015፣ ስትሩኮቭ ባሉበት የሳንታ ባርባራ ቡድን፣ 12 በ12 የሆነ የአሉሚኒየምና የቲታኒየም ኦክሳይድ መረብ በ9 ነጥቦች የተሳሉ ሦስት የላቲን ፊደላትን መለየት ተማረ።