ጎንደር በኮንትራት

ጎንደር የሚሄድ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ጎንደርን ሳያይ ይመለሳል። የሚያየው ግቢውን ነው። ቲኬት ይቆርጣል፣ አስጎብኚ ይይዛል፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን አጥር አልፎ ይገባና የፋሲለደስን ግንብ፣ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱን፣ የዳዊትን፣ የበካፋንና የምንትዋብን ቤቶች በተራ ይዞራል። አንበሶቹ የነበሩበትን ክፍል አጮልቆ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ በሁለት ሰዓት አለቀ። ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ "ምን አየህ?" ቢሉት፣ "ነገሥታቱን" ይላል።

አልዋሸም። እዚያ ውስጥ የሚነገረው የነገሥታት ታሪክ ነው። ንጉሥ ግን ድንጋይ አይጠርብም፤ ኖራ አያቃጥልም፤ ሸማ አይሠራም፤ አሞሌ ጭኖ ገበያ አይወርድም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች የኖሩት ከአጥሩ ውጪ፣ በተዳፋቱ ላይና በወንዞቹ ዳር ነው። እነሱን ፍለጋ መዞር ያስፈልጋል፤ ለመዞር ደግሞ ጎንደር ላይ ባጃጅን የሚያህል የለም። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ቅርሶቹም እንደ ዘር ተበታትነዋል። በእግር ልሞክር ያለ ሰው ቁስቋም ዳገት ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። የአስጎብኚ ድርጅት መኪና ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ከበር እስከ በር ነው የሚያደርስህ። ባጃጅ የሚዘጋ መስኮት የለውም፤ የቡናው ጭስ፣ የቅዳሴው ድምፅ፣ የጋራዡ ቅጥቀጣ ሁሉ አብሮህ ይሳፈራል።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮንትራት የያዝኩት ልጅ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፊት መስታወቱ በአንዱ በኩል የእመቤታችን ሥዕል፣ በሌላው በኩል የፋሲል ከነማ አርማ ተለጥፏል። (ቡድኑ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል፤ ቅጽል ስሙም "ዐፄዎቹ" ነው። ጎንደር ላይ ኳስ ተጫዋቹም ንጉሥ ነው።) ዋጋ ስንነጋገር ዝርዝሩን በጣቱ ቆጠረልኝ።

"ሥላሴ፣ መዋኛው፣ ቁስቋም። ሦስት ቦታ ነው ጋሼ።"

"አዲስ ዓለምስ?"

"አዲስ ዓለም ምን ይታያል? ሰፈር ነው እኮ።"

"ወለቃስ?"

"ወለቃ ከከተማ ይወጣል፤ ዋጋው ሌላ ነው።"

የተስማማንበትን ዋጋ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል። ነገሬ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ልጁ ዝርዝሩን ከራሱ አላመጣውም፤ እንግዳ የሚጠይቀውን ቆጥሮ ነው የያዘው። እንግዳ የሚጠይቀው ደግሞ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። የሠሯቸው ሰዎች ሰፈር በኮንትራቱ ውስጥ የለም።

"ለመሆኑ ግንቡን ማን ሠራው?" አልኩት ሞተሩን ሲያስነሣ።

"ዐፄ ፋሲል ናቸዋ!" አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ዘወር ብሎ ጨመረ፤ "ፖርቱጋሎች ናቸው የሚሉም አሉ።"

ይህችን መልስ ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማኋት። ከመምህርም፣ ከቱሪስትም፣ አንዴ አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጡ የተማሩ ሰውም ሰምቻታለሁ። ላሊበላ ሲሆን መላእክት ናቸው እንላለን፣ ጎንደር ሲሆን ፖርቱጋሎች። እኛ መቼ እንደምንሠራ እንጃ።

የዘመኑን ቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ይጠራጠራል። በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምፅዋ የወረዱት በ1533 ዓ.ም. ነው፤ የመጡት ከግራኝ አሕመድ ጋር ለመዋጋት እንጂ ለግንበኝነት አይደለም። ከነሱ በኋላ የገቡት የኢየሱሳውያን ካህናት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ትልቅ ሥልጣን አገኙ፤ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ታዋቂው ፔድሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሞተ። ሱስንዮስ የካቶሊክ ሃይማኖትን በአዋጅ ተቀብለው አገሩን ደም ካፋሰሱ በኋላ በ1624 ዓ.ም. አዋጃቸውን ሻሩ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ነገሡ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን በ1626 ዓ.ም. ገደማ ከአገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው ደግሞ በ1628 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፈረንጆቹ ከተባረሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ እንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ከሁሉም ቀድሞ፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ነው።

ከኢየሱሳውያኑ የቀረ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ሙያ ቀርቷል። ከነሱ አንዱ የነበረው ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ለግንብ የሚሆነውን ኖራ በ1613 ዓ.ም. ገደማ ያገኘው ከሕንድ የመጣ ሰው ነው። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም የፋሲልን ግንብ የሠሩት ከሕንድ የመጡ ግንበኞችና ከኢየሱሳውያኑ ሙያ የተማሩ የአገሩ ሰዎች እንደሆኑ መዝግቧል። ያ አራት ማዕዘን ቤት፣ በየማዕዘኑ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጉልላት የደፋው፣ የሕንድም የአገሩም እጅ አርፎበታል።

ይህንን ለልጁ ስነግረው ሳቀ። "ታዲያ ባጃጁም ከሕንድ ነው የመጣው!"

እውነቱን ነው። ባጃጅ የሰው ስም ነው፤ ከማኅተመ ጋንዲ የቅርብ ሰዎች አንዱ የነበረው የነጋዴው የጃምናላል ባጃጅ ቤተሰብ ስም። ፋብሪካው ባለ ሦስት እግሯን መሥራት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያኑ ፒያጆ ጋር ተስማምቶ ነው። ፒያጆ ደግሞ ይህችን ዓይነት ተሽከርካሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲያወጣ "አፔ" ብሎ ሰየማት። በጣሊያንኛ "ንብ" ማለት ነው።

ንቧን እንያዛት፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እየሄድን ነውና። ቤተ ክርስቲያኑን ያስተከሉት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው፤ ታቦቱ የገባው በጥር 1686 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ እንደነበረና የዛሬው ባለ አራት ማዕዘን በኋላ እንደተሠራ አጥኚዎች ይናገራሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ "አርባ አራቱ" ከሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ነደዱ፤ ሥላሴ ግን ተረፈ። የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን ስላባረረ ነው ይላል የአገሩ ሰው። እኛም በጣሊያን ንብ፣ በሕንድ ሥሪት፣ ንብ ያዳነው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወረድን። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መላእክት ፊታቸውና ክንፋቸው እንጂ ሌላ አካላቸው አይታይም፤ ሰው የትም ቢቆም የሚያዩት እሱን ነው። ስንት እንደሆኑ ጠይቁ፤ እንደ አስጎብኚው ቁጥሩ ይለያያል። የሠዓሊውን ስም የሚጠይቅ ግን እኔ በቆየሁበት ሰዓት አልሰማሁም።

ቀጥሎ መዋኛው። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ውኃው ከቀሃ ወንዝ እየተመራ ይሞላል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየው ይህንኑ ገንዳ ነው። እኛ ስንደርስ ደረቅ ነበር። ዙሪያውን የከበቡት ዛፎች ሥራቸውን እንደ እባብ ግድግዳው ላይ ዘርግተዋል። "ዛፉ ነው ግንቡን የያዘው ወይስ ግንቡ ዛፉን?" አለኝ ልጁ። ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚተው ጥያቄ ነው።

ይኸው የቀሃ ወንዝ ወደ ታች ይወርድና አዲስ ዓለምን ያገኛል። እኔም "እንውረድ" አልኩት። ልጁ ከኮንትራቱ ውጪ መሆኑን አስታወሰኝና ወረድን።

አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ጥንታዊ ሰፈር ነው። እንዴት ሰፈር እንደሆነ ግን ብዙም አይወራም። ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ በነገሡ ማግሥት፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የወሰነው ሦስት ነገር ነው። ፈረንጆች፣ ማለትም ካቶሊኮች፣ ሃይማኖታቸውን ካልለወጡ አገር ይልቀቁ። ሙስሊሞች ከክርስቲያን ተለይተው ለብቻቸው ይስፈሩ። ቤተ እስራኤል (በዘመኑ አጠራር ፈላሾች) እነሱም ለብቻቸው ይስፈሩ። የነገሥታቱን ከተማ ሰፈር በሰፈር የከፋፈለው ይህ ውሳኔ ነው። ኢያሱም በካፋም ምንትዋብም ሲያሠሩ፣ ዕቃ አምጪውና ሠሪው በየሰፈሩ ተለይቶ ነበር የሚኖረው።

የሚገርመው ቤተ መንግሥቱ ያለነሱ አንድ ቀን የማያድር መሆኑ ነው። ወደ ምፅዋና ወደ ስናር የሚመላለሰውን ንግድ የያዙት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ነገሥታቱ ራሳቸው ወደ ውጭ ሲልኩና ሲያስገዙ በነሱ እጅ ነበር። የሸማ ሥራውም የነሱ ነው። ንጉሡ ለብሶት ዙፋን ላይ የሚቀመጥበት ልብስ አብሮት እንዳይኖር ከተፈረደበት ሰው ሰፈር ይመጣል! ልጁ "ሰፈር ነው እኮ" ያለው ቦታ ይኸ ነው። መስጊዱን፣ ሱቆቹን፣ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ አየን። ማንም ቲኬት አልጠየቀንም።

ቁስቋም ዳገቱ ላይ ባጃጇ ልትቆም ምንም አልቀራት፤ ወርጄ ትንሽ በእግሬ ሄድኩ። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ርቀው ይህን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በነገሠበት ዘመን ነው። በ1762 ዓ.ም. ብሩስን የተቀበሉት፣ እሱም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን ልጆች ያከመው እዚህ ነው። ፍርስራሹ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች እስካሁን ይታያሉ፤ ድንጋዩን በመዶሻ ያለሰለሰው ሰው ሙያውን ያውቅ ነበር። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም እዚሁ አለ። ሦስት ትውልድ በአንድ ቦታ፣ በስም የታወቀ። ቀራጩ ስም የለውም።

ወለቃ ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው። በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ አንጥረኞች፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ከነገሥታቱ ማዕረግና መሬት ያገኙም ነበሩባቸው። ታዲያ ይህንን ሙያ ምን ብለን ጠራነው? "ቡዳ"። ቀን የቤተ መንግሥቱን ድንጋይ የሚያነጥፈው ሰው ማታ ጅብ ይሆናል አልን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ፈራነው፤ በሠራው ማረሻ ግን አረስን። በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን በላን፤ ሠሪዋ ግን ዐይኗን እንዳታሳርፍብን ልጃችንን ሸሸግን። ይህ ወሬ የተራ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የተማረውም ያወራው ነበር። እኔ በልጅነቴ ከአዋቂዎች አፍ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ወለቃ ላይ የቀረው ትንሿ የጸሎት ቤትና መንገድ ዳር የተደረደረ ሸክላ ነው፦ አንበሳ፣ ርግብ፣ የዳዊት ኮከብ። አሁን የሚሸጡት ሴቶች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙያው ግን የእነዚያ ነው።

ልጁ ባጃጇን ጥላ ሥር አቁሞ አጠገቤ መጣ።

"ከእስራኤል የሚመጡት አበሾች ሌላ ናቸው" አለ። "ሁሉም ሰው 'ግቢ' ነው የሚለኝ፤ እነሱ ግን መጀመሪያ ወደዚህ ውሰደን ይላሉ። አንዷ አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ አያቷ ግንበኛ እንደነበሩ ነገረችኝ። ከዚህ ስንመለስ ከተማ ውስጥ ያሉትን የድሮ ቤቶች ሁሉ እየቆመች ፎቶ አነሣች። 'ይኼን ይሆናል' ትላለች። እኔ ምን ልበላት?"

አንድ የጭቃ አንበሳ ገዛሁ፤ ጅራቱ ገና ሳንነሣ ተሰበረ። ወደ ከተማ ስንመለስ ፀሐይዋ ከግንቦቹ ጀርባ ሆና ነበር። ፒያሳ ስንደርስ ልጁ ሞተሩን አጠፋና ኮንትራቱ ከሦስት ቦታ ወደ አምስት ስላደገ ሒሳቡን እንደገና ተነጋገርን። ለቀጣዩ እንግዳ ዝርዝሩን ሲቆጥር አዲስ ዓለምንም እንዲጨምር ነገርኩት። "ማን ይሄዳል ብለው ነው ጋሼ?" አለኝ።