ምርቱና ግርዱ

«ምርቱን ከግርዱ መለየት» የሚለው ፈሊጥ ከእኛ ከጽሑፍ ወዳጆች አፍ አይጠፋም፡፡ ድርሰት ስንሄስ፣ ዘመን ስንመዝን እንጠራዋለን፡፡ ቃሉን ያዋሰን ገበሬ መንሹን ሲያነሣ ምን ይለይ እንደነበር፣ ከለየ በኋላስ ምን ይቀርለት እንደነበር የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን፡፡ እኔም የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ በታኅሣሥ ወር ጣራ ገዳም ደን ጫፍ ላይ ቆሜ የፎገራን ሜዳ ቁልቁል ስመለከት፡፡

ሜዳው የርብንና የጉማራን ወንዞች ይዞ ወደ ጣና ይዘረጋል፡፡ በዚያ ወራት አውድማው ብዙ ነው፡፡ አውድማ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ ክብ መሬት ነው፤ በሬዎች እየዞሩ ነዶውን ያበራዩታል፤ ገለባው በመንሽ ይነሣል፡፡ ከዚያ ነፋስ ይጠበቃል፡፡ ነፋሱ ሲመጣ ገበሬው የተወቃውን ወደ ላይ ይበትነዋል፤ እብቁ ይርቃል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፡፡ ለጤፍ ነፋሱም መጠን አለው፤ ከበረታ ያንን ደቃቅ ፍሬ ይዞት ይሄዳል፣ ከደከመ እብቁን ይተወዋል፡፡ የቀረውን በላይዳ ይደግሙታል፡፡ በመጨረሻ ሴቶች በሰፌድ ያበጥሩታል፣ ያንገዋልሉታል፤ ነፋስ ያልለየውን እጃቸው ይለየዋል፡፡

ክምሩ ሲጠራ ግን ሌላው መለየት ይጀመር ነበር፡፡ ከክፉው ቀን ዘመን ወዲህ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላ በማለት አስራትን ደነገጉ፡፡ ከ10 ቁና 1 ቁና መሆኑ ነው፡፡ ለባለ ጉልቱ የሚገባው ግብር ደግሞ ለብቻው ነበር፡፡ አስራት በሕግ የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነው፤ ምርቱን ሊገምት የመጣውን ሹም ግን ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ አልቀበልም ብሎ አመፀ፡፡ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ባለ መሬቱን ከአውድማው አራቀው፤ በቦታው ግን ኮታ መጣ፡፡ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ነበር፡፡ ነፋስ ገለባውን ከፍሬው ይለያል፤ ቁና የያዘው ሰው ደግሞ ፍሬውን ከዘሪው ይለያል፡፡

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ገባ፡፡ መጀመሪያ ከዘሩት መካከል የጅግናና የሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ይገኙበታል፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፡፡ ሩዝም በአውድማ ይወቃል፣ በነፋስም ይዘራል፡፡ ቅርፊቱ ግን ለነፋስ አይበገርም፤ ወፍጮ ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ የመጨረሻው መለየት ከሴቶቹ ሰፌድ ወጥቶ ወደ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያዎች ተሻገረ፡፡ ድካሙ ቀንሷል፤ እሰየው ነው፡፡ ክምሩ ሲጠራ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው የሚለው የጥንቱ ጥያቄ ግን ከእህሉ ጋር አብሮ ወደ ከተማ ወርዷል፡፡

ዜና መዋዕሎቻችን የነገሥታቱን ዘመቻ ጽፈውልናል፡፡ ያ ሠራዊት የበላውን እህል ማን እንዳበጠረው ግን አልጻፉም፡፡ ከዚያን ቀን ወዲህ «ምርቱን ከግርዱ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ጥቂት ይዘገያል፤ ክምሩ ከጠራ በኋላ ባዶ ሰፌዷን አራግፋ ወደ ቤቷ የገባችውን ሴት አስባለሁ፡፡