ከጃንሆይ ቮልስ እስከ መጫወቻዋ ባጊ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጃንሆይን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያሳፈራቸው በሊሞዚን አልነበረም፤ በቮልስ ነበር። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ዕድሜ ልካቸውን ሌላው ጎንበስ ሲልላቸው ለኖሩ ንጉሥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ ንጉሡን ትቼ መኪናዋን ልከተል ነው፤ አትፍረዱብኝ። ቮልስ በሰው አገር የወለደችው ልጅ አለ፤ ባጊ ይባላል። የልጅ ልጇ ደግሞ በባትሪ የምትሮጥ፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ ርዝመቷ ከክንድ የማይበልጥ የውድድር መኪና ናት። “የትኛዋን ልግዛ፣ እንዴትስ ላስተካክላት?” ለሚል የአራት ኪሎ ልጅ የአያቷን ታሪክ ማወቅ ካታሎግ ከማገላበጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከመጥፎ መንገድ ነው። እኛ አገር መኪና ከመንገድ ቀድሞ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ዎልስሊ ሲድሊ የተባለች አውቶሞቢል ከጅቡቲ በሐረር በኩል አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ ከአራት ኪሎ እልፍ ብሎ ባለው ግቢ አጼ ምኒልክ ተሳፈሩባት። መኪና ነበረች፤ መንገድ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡት መኪኖች በሙሉ የተፈተኑት በዚሁ በአፈሩ፣ በኮረብታውና በጭቃው ነው። ቮልስ ፈተናውን ያለፈችው በውበቷ እንዳይመስላችሁ። ሞተሯ ከኋላ፣ የሚገፋው ጎማ ላይ ተጭኖ ስለተቀመጠ ዳገት ላይ መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የምታፈላው ውኃ የላትም። አራቱም ጎማዎቿ ለየብቻቸው ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን አይጎትተውም። የሆዷ ብረት ልሙጥ በመሆኑ ድንጋይ ላይ ብትወርድም ሸርተት ብላ ታልፋለች። ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ያየ ሰው ይህ ሁሉ ይገባዋል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ይኸው ነገር ለአንድ ጀልባ ሠሪ ገባው። ብሩስ ማየርስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የቮልስን ገላ ገፍፎ ጣለና ሻንሲዋን 36 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ፣ ጀልባ ከሚሠራበት ከፋይበር ግላስ ቀላል ገላ ደፋባት። ስሟን ማየርስ ማንክስ አላት። በ1967 እሱና ቴድ ማንግልስ በዚህች መኪና የሜክሲኮን የባሃ በረሃ ከላ ፓዝ እስከ ቲዋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋርጠው በሞተር ሳይክል ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያው የባሃ ውድድር ሲካሄድም ያሸነፈችው ማንክስ ነበረች። ሰውየው ግን አልበለጸገበትም። ሥራውን የሚኮርጅ በዛ፤ ለፓተንቱ ቢከስስም ፍርድ ቤት አልፈረደለትም። መርካቶ ውስጥ “ኦሪጅናል ነው” ተብሎ የተሸጠለት ሰው የማየርስን ሐዘን ይረዳዋል።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። ሺዙኦካ ከተማ ውስጥ በ1946 እንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ የተቋቋመ ታሚያ የሚባል ድርጅት ነበር። ከጣውላ ወደ እንጨት ሞዴል፣ ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ሞዴል ተሻገረ። ሹንሳኩ ታሚያ የተባለው ልጅ (በ2025 በ90 ዓመቱ አረፈ) አንድ ፖርሽ ሞዴል ለመሥራት ሲል እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ እስከ ብሎኑ ፈታታው። መልሶ ለመግጠም ግን የፖርሽን መካኒኮች መለመን ነበረበት። የእኛ ጋራዥ ልጆች ይህን ቢሰሙ “ትርፍ ብሎን ቀርቶ ይሆን?” ብለው የሚጠይቁ ይመስለኛል። ከዚያ ልፋት የተወለደችው ፖርሽ 934 በ1976 የድርጅቱ የመጀመሪያ በሬዲዮ የሚነዳ መኪና ሆና ወጣች። እሷ ግን የአስፋልት እመቤት ነበረች። ሁለቱ አፈር የሚወዱ መኪኖች፣ ራፍ ራይደርና ሳንድ ስኮርቸር፣ የመጡት በ1979 ነው። ሳንድ ስኮርቸር በቀጥታ ቮልስ ናት፤ የበረሃ ቮልስ። የፊት እግሮቿ አንጠልጣይ ሳይቀር የቮልስን ተከትሎ ከብረት ተሠርቷል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሬዲዮዋና ባትሪዋ ውኃ እንዳይነካቸው ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ጃንሆይ ከወረዱ ገና አምስት ዓመቱ ነው።

እ.ኤ.አ. 1984 ላይ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ታሚያ ግራስሆፐርን፣ ማለትም ፌንጣን፣ ለሕዝብ አቀረበ። ርካሽ፣ ጠንካራ፣ የማትሰበር መኪና ናት፤ ግን የኋላ ሞላዋ ዘይት ያለው አሞርዛተር የለውምና እንደ ስሟ ትፈናጠራለች። በዚያው ዓመት ተርብ የሚል ስም ያላት ሆርኔት ተከተለች፤ ሞተሯ ጠንከር ያለ ነው። በሌላ በኩል አሶሺየትድ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት አር ሲ 10ን አወጣ። ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻንሲ፣ በአራቱም ጎማ ላይ በዘይት የሚሠራ አሞርዛተር፣ በየቦታው የሚጠብቅና የሚላላ ብሎን ነበራት። በማግስቱ፣ በ1985፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲደረግ ጊል ሎሲ ጁኒየር የሁለት ጎማ ግፊውን ዘርፍ በእሷ አሸነፈ። በ1987 እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የ17 ዓመቱ ማሳሚ ሂሮሳካ በሹማከር ካት የአራት ጎማውን ዘርፍ ወሰደ። ያ ልጅ ጡረታ እስኪወጣ 14 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ለእኔ የታሪኩ ወገብ እዚህ ጋ ነው። ከአር ሲ 10 በፊት መኪናዋን ገጥሞ መንዳት ይበቃ ነበር። ከእሷ በኋላ ግን መኪናዋ የምትሸጠው ሳታልቅ ነው፤ የሚጨርሳት ሜዳው ነው። አንድ ዓይነት መኪና የገዙ ሁለት ልጆች አንዱ አንደኛ ሌላው አሥረኛ የሚወጡት የትናንቱን ሜዳና የዛሬውን ሜዳ ለይተው በማወቃቸውና ባለማወቃቸው ሆነ።

ግራስሆፐር በዓለም ገበያ ስትፈናጠር እዚህ 1977 ዓ.ም. እየገባ ነበር። 1977 ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። በባትሪ የሚሮጥ መጫወቻ የሕልም ያህል ሩቅ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ግን መኪና አጥቶ አያውቅም። ጋራዥ የጣለውን ኩሽኔታ ለቅሞ፣ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ጣውላ ሥር ሰክቶ መኪና ሠራ፤ መኪናዋንም በጎማዋ ስም ኩሽኔታ ብሎ ጠራት። ቃሉ የጣሊያን ነው። ካቻቪቴ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከፒያሳ ስም ጋር አብረው የቀሩ ናቸው። ጣሊያን ሄደ፤ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ ቀረ። ኩሽኔታ ሞተር የላትም፤ ሞተሯ ቁልቁለቱ ነው፣ ፍሬኗ የጫማ ሶል ነው። እንደ አራት ኪሎና ፒያሳ ባለ ሁሉም መንገዱ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል በሆነ ሰፈር ቁልቁለት ደግሞ ነፃ ነዳጅ ነው።

እንግዲህ አስቂኙ ነገር ይህ ነው። ዛሬ የታሚያን ርካሽ መኪና ሣጥን ብትከፍቱ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የፕላስቲክ ቀለበት ነው። ልምድ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ቀይሩ የሚላችሁ እሱን ነው፤ የሚተካውም በኩሽኔታ ነው! የእኛ ሰፈር ልጅ ከኩሽኔታ የጀመረውን ፈረንጅ በማሻሻያነት ይሸጥልናል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይሁን። ይህን የምለው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ አይደለም። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። አየር ስቦ የሚያቃጥል ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ በናይትሮ ነዳጅ የሚሄዱት ትንንሽ መኪኖችም ካርቡራተራቸው እንደገና ካልተስተካከለ ያስቸግራሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም፤ ሺዙኦካ ያለው ጉልበቱ እዚህም አለ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድልበታል፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከፋብሪካው መመሪያ አነስ ካለ ፒኞን ጀምሩ። አምስት ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩን በጣት ንኩት። ጣታችሁን ማቆየት ካቃታችሁ ፒኞኑ ትልቅ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩ ቦታ አለ። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የውድድር ባጊዎች ሞተራቸውን ከኋላ አክስል ፊት ወደ መሀል አምጥተውታል። ፈረንጆቹ የሚወዳደሩት አሁን በብዛት ምንጣፍና ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ጎማው በጣም ይይዛል። እኛ ያለን ግን ደረቅ አፈርና ጠጠር ነው። በልል አፈር ላይ የቮልስ ሥርዓት፣ ሞተር ከኋላ፣ እስካሁን ይሠራል። ስለዚህ ያገለገለች የቆየች መኪና በርካሽ ብታገኙ “አሮጌ ናት” ብላችሁ አትናቋት። ለጀማሪ በሁለት ጎማ የምትገፋ፣ ብራሽለስ የሚባለው ካርቦን የሌለው ሞተር ያላት፣ ጥምጥሙ 17.5 የሆነ፣ በቂ ነው። ጥምጥሙ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጉራውም፣ ስብራቱም።

ባትሪው ላይ ግን ቀልድ የለም። የዛሬው ሊፖ ሁለት ሴል ሲሆን ሞልቶ 8.4 ቮልት ነው፤ አንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ተበላሸ ማለት ነው። “መብራት ሊጠፋ ይችላል” ብለን ሁሉን ነገር ሞልተን የማስቀመጥ አመል አለብን። ሊፖን ግን ለሳምንታት ሞልታችሁ ብታስቀምጡት ያብጣል፤ ለማቆየት በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይሁን። ቻርጅ ሲደረግ እሳት በማይበላው ነገር ላይ፣ ሰው ባለበት ይሁን። አልጋ ሥር ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ካያችሁ እናቱን ጥሩለት።

ማስተካከሉን ብዙዎች ከአሞርዛተር ይጀምራሉ፤ እኔ ከጎማ ጀምሩ እላለሁ። ለልል አፈር ጥርሱ ረጅም የሆነ፣ ለጠነከረ መሬት ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ። ጎማው ካልያዘ ሌላው ሁሉ ድካም ነው። ከዚያ መኪናዋ ከመሬት ያላት ከፍታ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ፤ ጠጠር ባለበት ከፍ ትበል። የኋላ ጎማዎች ከፊት በኩል ወደ ውስጥ 3 ዲግሪ ያህል ቢያዩ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ አናታቸው ወደ ውስጥ 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢያዘነብል ኩርባ ላይ ይይዛሉ። ፍሪሲዮኑን ደግሞ ስትነሡ ትንሽ እንዲንሸራተት አላሉት፤ ጥርሱን የሚያድነው እሱ ነው። የአሞርዛተሩ ዘይት በጠዋቱ ብርድ ይወፍራል፣ በቀትር ይቀጥናል። ጠዋት ያስተካከላችሁት መኪና ከሰዓት በኋላ ሌላ መኪና ቢሆንባችሁ ጠንቋይ ቤት አትሂዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትንም ጻፉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራለት ሳያውቅ ይቀራል።

የሚቀረው ሜዳው ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲነሣ፣ ስለ ቤቱና ስለ ቡናው ብዙ ተባለ። ስለ ኩሽኔታው ቁልቁለትና ስለ ጓሮው አፈር ግን ብዙም ያነሣ የለም። የመጣው አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ መብራት አለው። ባጊ ግን የመጥፎ መንገድ ልጅ ናት። ለሙሉ ውድድር የሚያስፈልጋት የጥቂት አሥር ሜትር አፈርና ሁለት ሦስት ጉብታ ብቻ ነበር። ያንን ያህል አፈር አራዳ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ጉብታዋን ዛሬውኑ ሥሯት። የሌላችሁና ልሙጡ ላይ የምትነዱ ደግሞ ባለ ጥርሱን ጎማ አውልቁ፤ አስፋልት በጥቂት ቀን ልጦ ይጨርሰዋል። ልሙጥ ጎማ ግጠሙ፣ ከፍታዋን ዝቅ አድርጉ፣ ሞላውን አጠንክሩ።