የቆዳ ሊምፎማ፦ የሴል መለያዎች በሽታው ሲገፋ እንዴት ይለወጣሉ?

በባዮፕሲ ውጤትዎ ላይ «ሲዲ4 ፖዘቲቭ፣ ሲዲ7 ኔጌቲቭ» የሚል ጽሑፍ አይተው ግራ ተጋብተው ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ «ኔጌቲቭ» ሲል ከበሽታው ነፃ መሆን ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ሴሉ ያንን መለያ አልያዘም ማለት ብቻ ነው።

«ሲዲ» እና ቁጥር የሚሰጣቸው በሴሎች ገጽ ላይ የሚገኙ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የሴሉን ዓይነት ያሳውቃሉ። ከቆዳ ሊምፎማዎች በብዛት የሚታየው ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ቲ-ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይነሳል። (ስሙ ቢያስመስለውም ፈንገስ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።)

በመጀመሪያ፣ ቆዳው ላይ ጠፍጣፋ ሽፍታ ብቻ ሳለ፣ ሴሎቹ ከጤናማ ቲ-ሴል ብዙም አይለዩም። አብዛኛውን ጊዜ ሲዲ3 እና ሲዲ4 አላቸው፤ ሲዲ8 የላቸውም። ቀድሞ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ሲዲ7 ነው። ይሁንና ሲዲ7 በተራ የቆዳ ብግነትም ስለሚቀንስ ብቻውን ካንሰር መኖሩን አያረጋግጥም። ሽፍታው ወፍሮ እብጠት ወደ ማውጣት ሲሄድ ሲዲ2 እና ሲዲ5 ሊጠፉ ይችላሉ። ሴሎቹ ወደ ደም ከገቡ ደግሞ ሲዲ26 የሌላቸው ቲ-ሴሎች በደም ምርመራ ይቆጠራሉ።

ሁልጊዜ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ አዲስ የሚመጣም አለ። በናሙናው ከሚታዩት ሊምፎሳይቶች ከ25 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትልልቅ ሴሎች ሲሆኑ «ወደ ትልቅ ሴል ተለውጧል» ይባላል። ይህ በሽታው መጠንከሩን ያሳያል፤ ሕክምናውም ሊቀየር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሲዲ30 ሊታይ ይችላል። ብሬንቱክሲማብ ቬዶቲን የተባለው መድኃኒት ይህንኑ መለያ ፈልጎ ሴሉን ያጠቃል። ስለዚህ አዲስ እብጠት ከወጣ ወይም አንዱ ቦታ በፍጥነት ካደገ የድሮው ውጤት አይበቃም፤ ናሙናው ከዚያው ቦታ እንደገና እንዲወሰድ ይጠይቁ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሰዎች፣ በተለይ ለልጆችና ለወጣቶች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በሽታው ቆዳን እያነጣ ሊመጣ ይችላል፤ ለምጽ ወይም ቋቁቻ ተብሎም ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ዓይነቱ ሲዲ8 ፖዘቲቭ መሆን የተለመደ ነው። ውጤቱ ላይ ስላዩት አይደንግጡ፤ ይህ መልክ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚሄድና ለብርሃን ሕክምና ጥሩ ምላሽ የሚሰጥ ነው።

ለባዮፕሲ ሲሄዱ የቀድሞ ውጤቶችዎን በሙሉ ይያዙ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት እየተቀቡ ከሆነም አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ቅባቱ የናሙናውን መልክ ሊያደበዝዝ ይችላል።