የንክሩማ ሁለት ትምህርት ቤቶች

ስለ አፍሪካ ነጻነት አባቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ዲግሪያቸው ነው። እገሌ ለንደን ተማረ፣ እገሌ ፓሪስ፣ እገሌ አሜሪካ። በዚህ ቆጠራ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ከማንም አያንስም። በአሜሪካ በቆየባቸው 10 ዓመታት ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አራት ዲግሪዎችን ይዟል። በኢኮኖሚክስና በሶሲዮሎጂ፣ በነገረ መለኮት፣ በትምህርትና በፍልስፍና።

ይሁን እንጂ ከእሱ የበለጠ የተማሩ ሰዎች በዚያው አገር ነበሩ። በለንደን የሕግና የፍልስፍና ትምህርታቸውን እስከ ጫፍ ገፍተው የተመለሱ፣ በንግግርም በጽሑፍም የተመሰገኑ። ሕዝቡ የተከተለው ግን እነሱን ሳይሆን ንክሩማን ነው። ለምን? ለዚህ መልስ የሚፈልግ ሰው የክፍል ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ቅዳሜና እሑዱን የት ያሳልፍ እንደነበርም ማየት አለበት።

በዚያን ዘመን ጎልድ ኮስት ትባል ከነበረችው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ለትምህርት የሚወጣ ወጣት የተለመደ መንገድ ነበረው። ለንደን ሄዶ ሕግ ማጥናት፣ ጥቁር ካባ ለብሶ መመለስ። ንክሩማ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያይ ያደረጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በአቺሞታ ኮሌጅ ያገኘው፣ ራሱ በአሜሪካ የተማረው መምህር ክዌጊር አግሬ ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ ተመልሶ በአክራ ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረው ናይጄሪያዊው ናምዲ አዚኪዌ ነው። አዚኪዌ የተማረው በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ንክሩማም ወደዚያው አመለከተ።

በ1935 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ለመሻገር ቪዛ ለማግኘት መጀመሪያ እንግሊዝ ገባ። ለንደን ከተማ፣ መንገድ ላይ፣ የጋዜጣ ሻጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ዜና ተጽፎ አየ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር ነበር። ንክሩማ ከዓመታት በኋላ በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማው ጦርነቱ በራሱ ላይ የታወጀ ያህል ነው። በዙሪያው የሚያልፉት ሰዎች ፊት ላይ ምንም የተለየ ነገር አለማየቱ ደግሞ የባሰ አበገነው። አድዋን በስም የሚያውቃት፣ ኢትዮጵያን ያላያት የ26 ዓመት ወጣት ነበር። የባሕር ማዶ ትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ይህ ነው ማለት ይቻላል። አስተማሪም፣ ጥቁር ሰሌዳም፣ ፈተናም አልነበረውም።

ሊንከን ዩኒቨርሲቲ በ1854 የተመሠረተ፣ ለጥቁር ተማሪዎች ዲግሪ በመስጠት በአሜሪካ ቀዳሚ የሆነ ተቋም ነው። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝና በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ከንክሩማ ጥቂት ዓመታት ቀድመው ተመርቀውበታል። ቦታው ከፊላደልፊያ ራቅ ያለ ገጠር ነው። ንክሩማ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይቶ ደረሰ። በኪሱ የነበረውም ገንዘብ ለአንድ ዓመት የሚበቃ አልነበረም። አስተዳደሩን ለምኖ ገባ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠራ፤ በተማሪዎች ምግብ ቤት አስተናገደ።

የሰኞ እስከ ዓርቡ ትምህርት ይህ ነበር፦ ኢኮኖሚክስ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ቀጥሎ ነገረ መለኮት፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፍልስፍና። ከካንት እስከ ሄግል፣ ከሄግል እስከ ማርክስ አነበበ። ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ሊንከን ራሱ መልሶ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረው። ፍልስፍና፣ የግሪክ ቋንቋና የጥቁሮችን ታሪክ አስተማረ። ይህ ትምህርት በሰነድ ላይ አለ፣ ማንም ያውቀዋል።

እሑድ ሲደርስ ግን ንክሩማ ከግቢው ይወጣል። በፊላደልፊያና በኒውዮርክ ባሉ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ይሰብካል። የነገረ መለኮት ተማሪ መሆኑ በሩን ከፈተለት፣ የሚሰጡት ጥቂት ገንዘብም ለትራንስፖርትና ለዳቦ ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ ያገኘው ከገንዘብ በላይ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ የሚሰማ ጉባኤ የለውም። ሰባኪው አንድ ሐረግ ሲጥል ሕዝቡ ይመልሳል። ድምፁ ሲያነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲደክም ያበረታታዋል፣ ሲያሰለች ደግሞ ዝምታው ይነግረዋል። በካቶሊክ ተቋማት ያደገው ወጣት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። ገረድና ጫማ ጠራጊ፣ አዛውንትና ሕፃን በአንድ ላይ የሚገባቸውን ቃል መምረጥ የተማረው እዚህ ነው።

እግረ መንገዱን ሌላ ሥራም አገኘ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የጥቁሮችን ኑሮ እንዲያጠና አሰማራው። በፊላደልፊያ ቤት ለቤት እየዞረ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን አነጋገረ። ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር፣ አባት ሥራ ሲያጣ ቤቱ ምን እንደሚመስል ከደጃፍ እስከ ጓዳ አየ። ክፍል ውስጥ ሶሲዮሎጂ ሲባል የሰማው ነገር እዚህ ስምና ፊት ነበረው።

ጉዞው ራሱም ያስተምር ነበር። አንድ ጊዜ ከፊላደልፊያ ወደ ዋሽንግተን በአውቶቡስ ሲሄድ ባልቲሞር ላይ ቆሙ። ውሃ ስለጠማው አንድ ነጭ አስተናጋጅ የሚጠጣ ውሃ እንዲሰጠው ጠየቀ። አስተናጋጁ ውጭ ያለውን የምራቅ መትፊያ አሳየው። ንክሩማ ይህን በጽሑፉ ያሰፈረው ለማልቀስ አይደለም። ስለ ዘር መድልዎ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሌላ ትርጉም እንዳገኘ ለመረዳት ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ማረፊያው ሃርለም ነው። ሌሊት ተነስቶ ዓሣ ከጅምላ ገበያ ገዝቶ መንገድ ላይ ሸጠ፤ ቆዳው ስለተቆጣ ተወው። ሳሙና ፋብሪካ ሠራ። በኒውዮርክና በሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ መካከል በሚመላለስ መርከብ ላይ ዕቃ አጠበ። ማደሪያ ሲያጣ በ5 ሳንቲም ቲኬት ገዝቶ በምድር ውስጥ ባቡር ከሃርለም ብሩክሊን እየተመላለሰ አደረ። ሰዎች ስለ ባሕር ማዶ ተማሪ የዕረፍት ቀን ሲያስቡ የሚመጣላቸው ፎቶግራፍ ነው። የንክሩማ ዕረፍት ግን ሌላ መልክ ነበረው።

ሃርለም በዚያን ዘመን የጥቁር ሕዝብ መዲና ነበረች። በየማዕዘኑ ሳጥን ወይም መሰላል ላይ ቆመው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍት ቤቶቿ ክርክር የማይጠፋባቸው ነበሩ። ንክሩማ ከፈላስፎቹ ሁሉ ይልቅ ልቤን ያቃጠለው የማርከስ ጋርቬይ መጽሐፍ ነው ሲል መስክሯል። ጋርቬይ በማንኛውም የሥርዓተ ትምህርት ዝርዝር ላይ አልነበረም።

ያ ሃርለም ደግሞ የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚነድበት ሃርለም ነበር። በ1935 ወረራውን በመቃወም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጥተዋል። የዚህ ታሪክ አንዱ ባለቤት ሌላ ተማሪ ነው፦ መላኩ በያን። መላኩ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ የተማረ፣ በኦሃዮ ማስኪንገም ኮሌጅ ገብቶ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠና ኢትዮጵያዊ ነው። በነጮች ኮሌጅ ትምህርቱን ጨርሶ መመለስ ይችል ነበር። ሃዋርድን መምረጡ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር መኖሩ፣ ከእነሱ መካከል ማግባቱ የእሱን ሁለተኛ ትምህርት ቤት ያሳያል። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ መንገድ ካመቻቹት አንዱ እሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ። በ1940 ገና በ40 ዓመቱ ሞተ። ለወገኑ የተወለት የሕክምና ዲግሪውን ብቻ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ የማይገኝ ወዳጅነትንም ጭምር ነው።

ወደ ንክሩማ ስንመለስ፣ የሁለተኛው ትምህርት ቤት ውጤት የታየው አገሩ ሲገባ ነው። በ1945 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በማንቸስተር የተካሄደውን አምስተኛውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ከጆርጅ ፓድሞር ጋር አዘጋጀ። በዚያ ጉባኤ ዝግጅት ላይ ገንዘቡንና ምግብ ቤቶቹን ያቀረበው ሰው በጉያና የተወለደ፣ በወረራው ዘመን ስሙን ቀይሮ ራስ መኮንን የተባለ ጥቁር ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ትውልድ ውስጥ ምን ያህል ጠልቃ እንደነበረች ይህ ስም ብቻውን ይናገራል።

በ1947 መጨረሻ ንክሩማን ወደ አገሩ የጠሩት ጠበቆችና ነጋዴዎች የመሠረቱት ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ፓርቲው ራስን በራስ ማስተዳደር «በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ» ይገኝ ይል ነበር። ትክክለኛ፣ የተጠና፣ የጠበቃ አነጋገር ነው። ንክሩማ በ1949 ተገንጥሎ የራሱን ፓርቲ ሲያቋቁም መፈክሩን ወደ «አሁኑኑ» አሳጠረው። የገበያ ሴቶች፣ ሾፌሮች፣ በሰው በረንዳ የሚያድሩ ሥራ ፈት ወጣቶች ተከተሉት። እንግሊዞች አሰሩት፤ በ1951 እስር ቤት ሆኖ ምርጫ አሸነፈ። መጋቢት 6 ቀን 1957 (እ.ኤ.አ.) ጋና ነጻ ወጣች። «አሁኑኑ» የሚለውን ቃል ያስተማረው ካንት አይደለም። በፊላደልፊያ አብያተ ክርስቲያናት አሜን የሚሉት እናቶች ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። የመድረክ ትምህርት አንድ ጉድለት አለው፦ ሰባኪ ሲናገር ተነስቶ «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። የፍልስፍና ክፍል ግን የሚኖረው በዚህ ነው። አንዱ ይላል፣ ሌላው ያፈርሰዋል፣ መምህሩ ሁለቱንም ይጠይቃል። ንክሩማ ሥልጣን ላይ ሲወጣ የእሑዱን ይዞ የሰኞውን ጣለ። በ1958 ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1964 ጋና በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። በለንደን የተማረው፣ ቀድሞ ወደ አገሩ ከጠሩት ሰዎች አንዱ የነበረው ጄ. ቢ. ዳንኳ በ1965 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወር ንክሩማ በእስያ ጉዞ ላይ ሳለ ወታደሮች ገለበጡት። አሜን ሲለው የኖረው ሕዝብም በአክራ ጎዳናዎች ወጥቶ ጨፈረ።

በመካከሉ ግን ግንቦት 1955 ዓ.ም አለ። ያ ለንደን ላይ የኢትዮጵያን መወረር ሰሌዳ ላይ ያነበበ ተማሪ ከ28 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ቆመ። የጠየቀው አፍሪካ በአንድ መንግሥት ሥር እንድትሆን ነው፤ አሁንም «አሁኑኑ»። አብዛኞቹ መሪዎች ቀስ ብለን እንሂድ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ከተማ ይፍሩ፣ እሳቸውም በአሜሪካ የተማሩ ናቸው፣ ሁለቱን ወገን የሚያስማማ ቻርተር እንዲፈረም ደከሙ። 32 መንግሥታት ግንቦት 17 ቀን ፈረሙ። ንክሩማ የፈለገውን አላገኘም፤ ነገር ግን ፈረመ። ምናልባት የሰኞና የእሑድ ትምህርቱ አብረው የሠሩበት የመጨረሻው ቀን ያ ነው።

ዛሬም ከኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች ወደ ቻይና፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ለትምህርት ይወጣሉ። ላኪው ቤተሰብም ሆነ መንግሥት ሲመለሱ የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው። ነጥብህ ስንት ነው? መቼ ትመረቃለህ? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም ተማሪው ቅዳሜና እሑድን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ የለም። አምስት ዓመት በአንድ ከተማ ኖሮ የአገሩን ልጆች ብቻ የሚያውቅ፣ የጎረቤቱን ቋንቋ ሳይሰማ የሚመለስ አለ። በአንጻሩ አገሩን የሚወድ፣ የሰውን መከራ የሚሰማ፣ ሕዝብ የሚያነሳሳ ነገር ግን መጽሐፍ ለመክፈት ትዕግሥት የሌለው አለ። አንደኛው ወረቀት ይዞ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ጩኸት።

የንክሩማ ታሪክ ሁለቱንም ያስጠነቅቃል። አክራ የደረሰው ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስላስተማሩት ነው። የወደቀው አንዱን ስለረሳ ነው። ልጅን ባሕር ማዶ የሚልክ ሰው የመመረቂያውን ቀን ብቻ ሳይሆን የእሑዱንም ዋጋ ቢያሰላ ይጠቅመዋል።