ሲሾም ያልበላው አገረ ገዥ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ሹመት መብያ፣ ሕዝብ ደግሞ የሚበላ ነው ብሎ የሚያስተምር ክፉ ተረት ነው። ዛሬ ለአንባቢያን ላስታውስ የምወደው ግን ሁለት ጊዜ ተሹሞ በሁለቱም ሳይበላ ስለተነሳ አንድ አገረ ገዥ ነው፤ ስለ ገርማሜ ንዋይ።

ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ብቻ ነው። ይሁንና ከታኅሣሥ በፊት ሶዶና ጅጅጋ ነበሩ። ታኅሣሥን መረዳት የሚሻ ሰው ከዚያ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ገርማሜ ከመኳንንት ወገን የተወለደ፣ እንደ ብዙዎቻችን በአሜሪካ የተማረ ሰው ነበር። በዊስኮንሲን፣ ቀጥሎም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ለማስተርስ ዲግሪው የጻፈው ጥናት በኬንያ ስለነበረው የነጮች ሠፈራ ነበር። የሌላውን አገር የመሬት ነጠቃ አጥንቶ የተመለሰ ሰው፣ በገዛ አገሩ ጭሰኛውን ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የያኔው የወላሞ፣ የዛሬው ወላይታ፣ አውራጃ ገዥ ሆኖ ሶዶ ገባ። አውራጃው በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ብዙው መሬት የሹማምንትና የባለ ርስት ሆኖ ነበር። ገርማሜ ሕዝቡን አስተባብሮ መንገድና ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። ከዚያም አልፎ ሳይታረስ የተቀመጠውን መሬት ለመሬት አልባው ገበሬ ማደል ጀመረ። ይህን ጊዜ ባለርስቶቹ አቤት ለማለት ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሱ። የተሰማው የነሱ አቤቱታ እንጂ የጭሰኛው አልነበረም። ገርማሜ ከሶዶ ተነሳ።

ቀጥሎ የተላከው ወደ ጅጅጋ ነው። አካባቢው ከእንግሊዝ አስተዳደር ከተላቀቀ ብዙ ዓመት አላስቆጠረም፤ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ነጻዋ ሶማሊያ ልትወለድ ነበር። ለሶማሌው አርብቶ አደር ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ካልቀረበለት ኢትዮጵያዊነቱን በምን ይወቀው? ገርማሜ ይህንኑ ለመሥራት ሞከረ። እዚያም እጁ ታሰረ።

እንግዲህ ሁለት በር አንኳኩቶ ሁለቱም የተዘጋበት ሰው ሦስተኛውን ሰበረ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ ከወንድሙ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆኖ ተነሳ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞጆ አካባቢ ተከቦ ሕይወቱ አለፈ፤ አስከሬኑም አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጀኔራሉ መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን፣ ታግተው የነበሩ 15 ያህል መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ተደብድበዋል። ከነሱ መካከል በአርበኝነታቸው የታወቁት ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል። ያልታጠቀን እስረኛ መግደል በምንም ዓይነት የመሬት ጥያቄ አይታጠብም። ያ ደም ኋላ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለፈሰሰው የስልሳዎቹ ደም መጥፎ አርአያ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ ነበርን? ገርማሜ በአንድ አውራጃ የጀመረው የመሬት ድልድል ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአገር አቀፍ አዋጅ መጣ። የመጣው ግን ዙፋኑ ከወደቀ በኋላ በወታደር እጅ ነው። ሶዶ ላይ ሳይነካ ቢተው ኖሮ፣ ሥራውም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ይሆን? ማንም በእርግጠኝነት ሊመልሰው አይችልም።

አንድ ነገር ግን ማለት ይቻላል። በሰላም ልሥራ ያለውን አገረ ገዥ የሚያባርር መንግሥት፣ ነገ በጠመንጃ የሚመጣበትን ራሱ ያሳድጋል። ለገዥዎቻችን ይህን ትምህርት እንመኝላቸዋለን፤ ለጠመንጃ ለምንቸኩለውም የአረንጓዴውን ሳሎን ማስታወስ አይከፋም።